ጥቁር ክር ያከማቸሁበት በጋ

መደቤን ለልጄ ለአስቴር ካስረከብኩ ዓመት አለፈኝ። ጉልበቴ ነው ያስወጣኝ እንጂ እኔ እንኳ ገና ነበርኩ። ሽሮ ሜዳ ላይ ክር መሸጥ ማለት ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ነው፤ ካርቶን ማውረድ፣ ጥቅል መፍታት፣ ለሸማኔው ማሳየት፣ ሸማኔው አፍንጫውን ነፍቶ ሲሄድ መልሶ መጠቅለል። አሁን ወደ ቁስቋም መውጫ ካለው ቤቴ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ። የሚያልፈው ሰው የለበሰው ጥለት ከማን መደብ እንደተገዛ እገምታለሁ። ጡረታ ሥራ የለውም ያለው ማነው?

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በልጅ ልጄ በሊያ የተነሣ ነው። ሊያ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ ልጅ ናት፤ ከደመወዟ እየቀነሰች አክሲዮን ትገዛለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ፊቷ ከሰል መሰለብኝ።

"ምነው?" አልኳት።

"እማማ፣ ሰዎቹ የሚዋጉት ባሕር ማዶ ነው። እኔ የገዛሁት እዚህ ነው። የእኔ ለምን ይወርዳል?"

"አንድ የቆመ መርከብ ይኖራላ።"

ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ሳቋን ተወችው። "እውነትም የቆመ መርከብ አለ። በምን አወቅሽ?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ግን ጦርነት ሲነሣ ሁልጊዜ የሚቆም ነገር አለ። መርከብ ባይሆን መኪና፣ መኪና ባይሆን ሠርግ።"

"ታዲያ ልሽጠው ወይስ ልያዘው?"

ወሬ ጀመርኩላት፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ዘለልኩባት መሰለኝ፣ "በቃ ጻፊልኝ፤ ስትጽፊ ምናልባት ትረጊያለሽ" አለችኝ። አልረጋሁም፤ እንደምታዩት ነው።

ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ አስቴርን አዝዬ ነው። እሷ ጀርባዬ ላይ ስታለቅስ ያመለጠኝ ፊደል ብዙ ነው፤ ብሳሳት በእሷ አሳቡ።

እናቴ ቀጨኔ ውስጥ ጥጥ ፈታይ ነበረች። እኔም እንዝርት ያሾርኩት የወተት ጥርሴ ሳይለወጥ ነው። የፈተልነውን ማግ በዘንቢል ይዤ ሽሮ ሜዳ የምሸጠው እኔ ነበርኩ፤ እዚያ ነው እትዬ አሰገደችን ያወቅኳቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። የእናቴን ማግ በሁለት ጣታቸው መሀል አሸት አሸት ያደርጉና ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ብጥስ ያደርጉታል። ድምፁን ነው የሚያዳምጡት። "ጠብ ብሎ የሚበጠስ ክር ደርቋል፤ እያቅማማ የሚበጠሰው ነው የሚሻለው" ይሉኛል። ቀለም ያለውን ክር ደግሞ በምላሳቸው ነካ አድርገው በነጭ መሐረባቸው ጫፍ ይፈትጉታል። መሐረባቸው ጫፉ እንደ ጳጉሜን ሰማይ ነበር፣ የሌለበት ቀለም የለም።

እኔ ጥያቄ አበዛለሁ። ለምን በጆሮ? ለምን በምላስ? ይኼ ቀይ የሚመጣው ከየት ነው? አንድ ቀን ሰልችቷቸው መሰለኝ፣ "አንቺ ልጅ፣ ክርሽ ጥሩ ነው፤ ጥያቄሽ ግን ከክርሽ ይረዝማል። እዚሁ ተቀምጠሽ ጠይቂ" አሉኝ። በዚያው ቀረሁ። ደመወዜ መጀመሪያ ምሳ ነበር፣ ኋላ ደህና ሆነ። የደመወዝ ነገር እዚህ ላይ ይብቃው።

በእትዬ አሰገደች መደብ ውስጥ ሦስት መደርደሪያ ነበር። ታችኛው ላይ ነጭ ድር ይቀመጣል፤ ሸማኔ ያለ እሱ ውሎ አያድርም፣ ዋጋውም ብዙ አይንቀሳቀስም። እሳቸው "እንጀራው" ይሉታል። መካከለኛው ላይ የበዓል ቀለሞች አሉ፤ ለመስቀል ቢጫው፣ ለጥምቀት አረንጓዴው ቀዩ። ላይኛው ላይ ወርቃማውና ብርማው የጥለት ክር ነው፤ ለሙሽራ፣ ለሀብታም፣ ከውጭ አገር ለሚመጣ። እሱን "ሕልሙ" ይሉታል። ከሦስቱ ሌላ አንዲት የብስኩት ጣሳ ነበረች፤ ውስጧ ጥሬ ገንዘብ ነው። እሷን "ዝምተኛዋ" ይሏታል።

"ድስት በአንድ ጉልቻ አይጣድም" ይሉኛል። "ሕልሙ ላይ የምትሰቅዪው አንድ ቀን አልቅሰሽ የምትረሺውን ያህል ብቻ ነው።"

የሠፈር ሴቶች ገንዘብ ሲኖራቸው ለእትዬ አሰገደች ይሰጧቸው ነበር፤ ሸሪክ ይሆናሉ። እሳቸው ገንዘቡን ከመንካታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ "መቼ ትፈልጊዋለሽ?" ለፋሲካ የምትል ካለች ገንዘቧ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይገባል። ለሴት ልጄ ስታድግ የምትል ካለች ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል። "አላውቅም" ያለችውን ደግሞ "ስታውቂ ነይ" ብለው ይመልሷታል። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ነው ያደግኩት። እያየሁ!

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከመደባችን ጀርባ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ የትልቅ መኪና ሹፌር ይኖሩ ነበር፤ ከወደብ ዕቃ ያመላልሳሉ። እትዬ አሰገደች ሬድዮ ከሚሰሙት ይልቅ የጋሽ ተሰማን ደጅ ያያሉ። ሰውየው መጥተው በሦስተኛው ቀን ከሄዱ አገር ሰላም ነው። አንድ ጊዜ ጋሽ ተሰማ መጡና ከረሙ። አጥር አጠሩ፣ የዶሮ ማደሪያ ሠሩ፣ ካልሲ ለብሰው ደጅ ወጡ።

"የሺ፣ ሹፌር ካልሲ ለብሶ ደጅ ከወጣ ነገር አለ" አሉኝ። "ሂጂ ጠይቂ።"

ጠየቅኩ። በሰሜን በኩል ጠብ ተጀምሯል፤ አሰብ አንሄድም፣ ዕቃው በጅቡቲ ይዞራል እስኪባል ቁሙ ተብለናል አሉኝ። ሮጬ መጥቼ ነገርኳቸው። ክር በዚያው ቀን ይወደዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ምን ሆነ መሰላችሁ? ረከሰ! የፈራው ነጋዴ ሁሉ ዕቃውን በርካሽ እያወጣ ጣለው፤ ሁሉም ጥሬ ገንዘቡን ጉያው ውስጥ ማድረግ ፈለገ። እኔ ግራ ገባኝ።

"እትዬ፣ እኛም እንሽጥ?"

"አንቺ ፈርተሻል?"

"አዎ።"

"ደግ ነው። ፍሪ። እጅሽን ግን ሰብስቢ።" ዝምተኛዋን ጣሳ አወረዱና ነጭ ድር ገዙበት። "ሰው ሲፈራ መጀመሪያ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ይጸጸታል፣ ቀጥሎ በእጥፍ ይገዛል።" ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽሮ ሜዳ ላይ ድር ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

በዚያ ቀን ነው ይህ ሥራ እንደ ተረት የያዘኝ። እኔ ቀጨኔ የተወለድኩ፣ ባሕር አይቼ የማላውቅ ሴት፣ የማላውቀው ባሕር እጄ ላይ ያለውን ክር ያከብደዋል ያቀለዋል። ከዚያ ወዲህ ዜና ስሰማ "ማን አሸነፈ" አልልም፣ "በየት በኩል ያልፋል" እላለሁ። በደርግ ጊዜም ታዝቤ ነበር፤ የፋብሪካ ክር ሲጠፋ የእናቴ የእጅ ፈትል ወርቅ ሆነ። አንዱ ሲተኛ የሚነሣ አለ። ይህ ያስደስታል ልል አልችልም፣ ያስገርማል ግን።

እትዬ አሰገደች አንድ የማያደርጉት ነገር ነበር። ጥቁር ክር አያከማቹም። ሐዘንተኛ ቤት ሲኖር ሸማኔው መጥቶ ይጠይቃል፤ የዚያን ቀን የሚበቃውን ከጅምላ ሻጩ አምጥተው ያለ ትርፍ ማለት ይቻላል ይሰጡታል። እንጂ ካርቶን ገዝተው አያስቀምጡም። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው፤ መቼም እኔ ነኝ።

"ቢጫ ያከማቸ መስቀልን ይጠብቃል። ነጭ ያከማቸ ሠርግ ይጠብቃል። ጥቁር ያከማቸ ምን ይጠብቃል?" አሉኝ። "ሳታውቂው ትጠብቂያለሽ። ልብሽን ለዚያ አታስለምጂው።"

እሳቸው አርፈው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መደቡ ለእኔ ቀረ። ብዙ ዓመት በእሳቸው ልክ ሠራሁ። አሁን ወደ ጥሩነሽ ልምጣ።

ጥሩነሽ ጎረቤቴ ናት፤ ፈታይ፣ አፈኛ፣ ሳቂታ። አንድ ዓይኗ በልጅነቷ በሕመም ጠፍቷል። በሁለተኛው ላይ ሞራ እየወጣበት እንደነበር ግን ለማንም አልነገረችም። ፈታይ ዓይኗ ደከመ ከተባለ ማጓን የሚገዛት የለም፤ ሸማኔ ቋጠሮ የበዛበት ነው ይላል፣ ሳያየው። ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ "ገና ነው፣ መጋቢት ላይ ነይ፣ የምናስገባልሽን ሌንስ ግን ራስሽ ትገዢያለሽ" ብሏት ነበር። በመስከረም ለዚያ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በመሐረብ ቋጥራ አመጣችልኝ።

"ቤት ካስቀመጥኩት ይበላል። ከክርሽ ጋር ይሥራ" አለችኝ።

ያ ገንዘብ የዓይኗ መሆኑን እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት። እናንተ አሁኑኑ እወቁት። እኔማ ያንን የእትዬ አሰገደችን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳትም። ጎረቤቴ ናት፣ በየቀኑ አያታለሁ፣ ጥሩነሽን ደግሞ ምን እጠይቃታለሁ ብዬ ነው።

በዚያ ሰሞን ታምራት የሚባል ደላላ ደጄን አዘወተረ። ወሬው ጣፋጭ ነው፣ ልጁም መጥፎ አይደለም።

"እትዬ የሺ፣ ዘንድሮ ለጥር ሙሽሮቹ ከኤርፖርት በሰልፍ ነው የሚወጡት። ወርቃማውን ይዘው ይጠብቁ። ኋላ ታምራት አልነገረኝም እንዳይሉኝ!"

"አምናም እንዲሁ ብለኸኛል።"

"አምና ዋሸሁ?"

አልዋሸም። አምናም ካቻምናም ወርቃማው እስከ መጨረሻዋ ጥቅል አልቆልኝ ነበር። ሁለት ዓመት የሠራ ነገር ሁልጊዜ የሚሠራ ይመስላል፤ ይህን ለሊያም ነግሬያታለሁ። ሕልሙን ከላይኛው መደርደሪያ አውርጄ መካከለኛውም ታችኛውም ላይ ሞላሁት። ነጩን ድር ሸጬ በወርቃማ ለወጥኩት። የጥሩነሽም መሐረብ ተፈትቶ እዚያው ገባ። መደቡ ሲያብረቀርቅ መንገደኛው ቆሞ ያይ ነበር፤ እኔም አብሬ ቆሜ አያለሁ።

ጥቅምት ላይ ጦርነት ተነሣ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ዝም አለ። የሸማኔው መወርወሪያ ድምፅ እንኳ ቀነሰ። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመረ፤ ሠርጉ ተላልፏል፣ አንመጣም፣ ቀብዱን መልሱልን። ሰው ወንድሙ የት እንዳለ ሳያውቅ ወርቃማ ጥለት አይለብስም። ወርቃማ ክር ደግሞ መጥፎ ጠባይ አለው፤ እርጥበት ያለው አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ እንደ አሮጌ ማንኪያ ይሆናል። ነጭ ድር ዓመት ቢቆይ ነጭ ድር ነው። ይኼኛው ግን እየጠበቅሽው ያረጃል። በየቀኑ በወረቀት እጠቀልለዋለሁ፣ በየቀኑ ደግሞ ገልጬ አየዋለሁ።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጥሩነሽ መጣች።

"የሺ፣ ያቺን ነገሬን ልወስዳት ነው።"

"ምን ልታደርጊባት?" በመስከረም መጠየቅ የነበረብኝን በጥር ጠየቅኩት።

"ዓይን ልገዛባት።"

ቀልዷ መስሎኝ ሳቅኩ። "ስንት ዓይን?"

"አንድ ይበቃኛል። ያንዱንማ ጉዳይ ድሮ ጨርሻለሁ።"

አልሳቀችም። ያን ጊዜ ደንግጬ እጄን ወደ ፊቷ አነሣሁ። "ስንት ጣት ነው?"

"ጣትሽን ተይው የሺ። አንቺንም የማውቅሽ በድምፅሽ ነው።"

ሁሉንም ነገረችኝ። ሐኪሙን፣ መጋቢትን፣ ሌንሱን። ሌንሱም በመርከብ ነው የሚመጣው፤ ሻጩ በየሳምንቱ ጨምሯል ይላታል። ይገርማችኋል፣ በአንድ ጦርነት መሐረቧ ከዚህ በኩል ሲቀልል የሚገዛው ነገር ከዚያ በኩል ይከብዳል። እኔ መሀል ቆሜ "እስከ መጋቢት ጊዜ አለን" አልኳት። ከሄደች በኋላ መደርደሪያውን አየሁት። ዓይኗ እዚያ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ የሚገዛው ግን የለም።

የራሴን ድርሻ ብሸጥላት ኖሮ ትሉኝ ይሆናል። የእኔም ያው ወርቃማ ነበር። ዝምተኛዋ ጣሳም ባዶ ነበረች፤ እሷንም ወርቃማ ገዝቼባት አስጩኼያት ነበር።

ታምራት በዚያው ሳምንት መጣ። ፊቱም ከስቷል።

"እትዬ የሺ፣ አጥፍቻለሁ መሰለኝ።"

"አንተ ጦርነት አላነሣህም።"

"አንድ ሰው አግኝቻለሁ። የቀሳውስት ካባና የጥላ ዘርፍ የሚሠራ ነው፤ ወርቃማውን ይወስዳል። ግን ጥሬ ገንዘብ የለውም፣ ጥቁር ክር ነው ያለው። በጥቁር ይለውጥዎታል።"

"ጥቁር አልይዝም።"

"ያውቃሉ ጥቁር ስንት እንደገባ? ሸማኔው ሁሉ ጥቁር ነው የሚጠይቀው። እየጨመረ ነው፣ ገና ይጨምራል።"

"ለምን ይጨምራል?" አልኩት። እያወቅኩ።

ልጁ መሬት መሬት አየ። "እሱንማ እርስዎም ያውቁታል እትዬ።"

ሁለት ቀን አሰብኩ። በሦስተኛው ቀን በጥሩነሽ ድርሻ ልክ ለወጥኩ። በእሷ ድርሻ ልክ ብቻ፣ እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መደብ ላይ ላስቀምጠው አልደፈርኩም። ካርቶኖቹን ቤቴ አምጥቼ አልጋ ሥር ከተትኳቸው። በዚያው ቀን ብሸጠው ገንዘቡ ለሌንሱ ጥቂት ይጎድለው ነበር። ጥቂት ልጠብቅ አልኩ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የማፍርበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬድዮ አልዘጋሁም። ዋጋው በየቀኑ ትንሽ ይጨምራል፤ ጠዋት ጠዋት ሸማኔዎቹን "ጥቁር ዛሬ እንዴት ዋለ?" እላለሁ፣ ስለ ሰው እንደምጠይቅ። ወሬው ከበድ ሲል ቤቴን ስጠርግ እጄ ይፈጥናል። ለምን እንደፈጠነ ግን አልጠየቅኩም። እኔ፣ ሁሉን የምጠይቀው፣ እሱን አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አስቴር መጥታ ቁጭ ብላለች። ሬድዮው ድርድር ሊጀመር ነው የሚል ወሬ አወራ። አስቴር እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ተመስገን!" አለች። እኔ አፌ "ተመስገን" አለ። ልቤ ግን፣ ልብ በሉልኝ፣ ልቤ ወረደ። አልጋው ሥር ያለው ነገር ረከሰብኝ ብሎ ወረደ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት ማለት እችላለሁ።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ምንም። ሆዴን ነው።"

እትዬ አሰገደችን አሰብኳቸው። ሳታውቂው ትጠብቂያለሽ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አወቅኩት፤ ከሳቸው አባባል የተለየው ይህ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ካርቶኖቹን አሸክሜ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ለመጀመሪያው ጠያቂ ሸጥኩት። ጥሬ ገንዘቡን ይዤ ሌንስ ሻጩ ጋ ሄድኩ፤ በቃ፣ በልኩ ነበር። ድርድሩ በዚያ ጊዜ አልሆነም፤ ጦርነቱም ቀጠለ፤ ጥቁር ክርም እጥፍ ገባ። ታምራት መጥቶ "እትዬ፣ ቸኮሉ እኮ!" አለኝ። "አዎ፣ ቸኮልኩ" አልኩት። የእኔን ድርሻ ወርቃማ ክር ካባ ሠሪው በሁለት ዓመት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ወሰደው፤ ግማሹ ጠቁሮ ነበር።

ሊያ፣ ልሽጠው ልያዘው ላልሽኝ ከዚህ የበለጠ አላውቅም። ገንዘቡን መቼ እንደምትፈልጊው መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ። ከዚያ ደግሞ ዜና ስትሰሚ ልብሽ በምን እንደሚደሰት አድምጪው። በቀረው አንቺ ትበልጪኛለሽ።

ለጥሩነሽ ሳልነግራት ማለፍ እችል ነበር። አልቻልኩም። ሌንሱን እንደገዛሁ ቤቷ ሄድኩ። ባዘቶዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ እየዳበሰች ትፈትላለች።

"ወርቁ ተሸጠልሽ?" አለችኝ።

"አልተሸጠም። በጥቁር ለወጥኩት፣ ጥቁሩን ሸጥኩት።"

እንዝርቷ ቆመ። "ለማን?"

"ለሸማኔዎች። ከዚያ ወደ ማን እንደሚሄድ አንቺም ታውቂያለሽ።"

"እትዬ አሰገደች ቢሰሙ።"

"አርፈዋል እኮ።"

"እሳቸው? መቃብር ውስጥም ሆነው የክር ዋጋ ይጠይቃሉ!" ትንሽ ሳቀች፣ ከዚያ ተወችው። "አልወስድም ብልሽስ?"

"ዓይንሽ ይጠፋል።"

"ብወስድስ?"

"ያያል።"

ባዘቶውን ስትነጭ ቆየች። "እንግዲህ ይይ" አለች። "የሚያየውን እሱ ያውቃል።"

መጋቢት ላይ፣ ጾሙ መሀል፣ ተሠራላት። ፋሻው በተነሣ ቀን ከሐኪም ቤት ያወጣኋት እኔ ነኝ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚሄድ ታክሲ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እንደ ሕፃን ነበረች።

"ያ ሰማያዊ ነው? የሺ፣ አንቺ እኮ አርጅተሻል!"

"አንቺስ?"

"እኔን አላየሁማ! ያ ሰውዬ ኮቱ ተቀዷል፣ አይቶት ይሆን? ቅጠሉን እይ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው እኮ!"

ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። ረዳቱ እንኳ ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ የምታሳየውን ያያል። ከዚያ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጠፈች። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ ቆማለች፤ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር።

"የእኛ ክር ነው?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ሊሆን ይችላል።"

"ወራጅ አለ!"

"እማማ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ እኮ ነው የከፈላችሁት" አለ ረዳቱ።

"ላንተ ይሁንልህ፣ አውርደኝ።"

ወረድን። ጥሩነሽ ሴትየዋ ፊት ሄዳ ቆመች። እጇን ይዛ "እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ" አለቻት።

ሴትየዋ ግራ ገባት። "ያውቁኛል እንዴ እናቴ?"

"አላውቅሽም። ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

ሴትየዋ ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። ማንን እንዳጣች ነገረቻት፤ ስሙን፣ ዕድሜውን። ጥሩነሽ እስክትጨርስ ቆመች፣ እኔም ከኋላዋ። ከዚያ በኋላ ታክሲ አልያዝንም። በእግራችን ዳገቱን ስንወጣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ጥቁር ለባሾች ተሰልፈው ነበር፤ ቆመችላቸው። የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ አንዲት፤ ቆመችላት። በዚያ መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ይህን ያህል ጥቁር የለበሰ ሰው እንዳለበት አላየሁም ነበር፣ ሁለት ደህና ዓይን ይዤ። እሷ "እግዜር ያጽናሽ" ስትል እኔ ከኋላ ጫማዬን አያለሁ።

ከሽሮ ሜዳ በታች አንዲት በጣም ልጅ የሆነች፣ አዲስ ጥቁር ነጠላ የለበሰች ልጅ ወደ እኛ መጣች። ጥሩነሽ ቆመች። ነገር ግን አልተናገረችም። ዞር ብላ ክንዴን ያዘችና ወደ ፊት ሳበችኝ።

"ይቺን አንቺ በያት" አለችኝ።